ከስቱኮው በታች

ፀሐይ ከኅዳር ጀምራ ከተራራው ጀርባ ቀርታ፣
መንደሩ በአምፖል ሲውል፣ ጠዋቱ መስሎ ማታ፣
ጋራዥ ውስጥ ተቀምጫለሁ የሽቦ ብሩሼን ይዤ፣
በአባቴ ሰፊ ቱታ፣ በብርዱ ግማሽ ፈዝዤ።

የሩሲያ ጂፕ ናት፤ ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፤
እንደ ከብት ጨው ልሳ ሳይሆን፣ ጨው እሷን ልሷት አርጅታለች።
አባቴ ኤይዮልፉር ሲሞት ወንድሜ ጀልባውን ወሰደ፤
የእኔ ድርሻ ገና ሲነኩት ወለሉ ላይ ተናደ።

ባሌስትራዋ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በአቼቶ ተዘፍዝፏል፤
ገላ መታጠብ ከቀረ ሳምንት አልፏል።
ድሪፋ፣ የልጅ ልጄ፣ አፍንጫዋን ይዛ፣
«አያቴ፣ ይሄ ሁሉ ሰላጣ?» አለች በዋዛ።
ብሎኖቹን በሶዳ ውሃ ከባትሪ ቻርጀር ገጥሜ፣
ጥቁር አረፋ ሲያወጡ አደርኩ እንደ ልጅ አስታምሜ።

ቀለሙን ስፍቅ ግን ዘመን ወደ ኋላ ይመጣ ጀመር፤
ከነጩ ሥር ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ የፋብሪካው ነበር።
ሰማያዊው የጀልባ ቀለም ትራፊ ነው፤ ስምንት ዓመቴ፤
ጣሳውን ደፍቼበት እንኳ አልተቆጣኝም አባቴ።

ነጩ ግን የአንድ ሌሊት ሥራ ነው።
ዐሥራ አንድ ዓመቴ፤ መከር ነው፤ ስነቃ ጂፗ ነጥታለች።
«ለምን?» አልኩት። «ነጭ በጨለማ ትታያለች።»

ትናንት በቀኙ ፓራፋንጎ ብሩሹ ድምፁን ለወጠ፤
ይጮህ የነበረው ላሜራ ጩኸቱን እንደ ሰው ዋጠ።
ስቱኮ! የአውራ ጣት ውፍረት። በመሮ ፈለፈልኩት፤
ታፋ የሚያህል ጎድጓዳ ከሥሩ ተኝቶ አገኘሁት።
ስቱኮውም ሲሰበር፣
እንደ ነሐስ ሽቦ የቀጠነ፣
ሦስት ዘለላ ቀይ ጭራ።

ብራንዱር ጎረቤታችን፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቱ፣
መብራት ሊይዝልኝ ይመጣል፤ ይንቀጠቀጣል መብራቱ።
መብራቱ መንቀጥቀጡን ተወ።

የዚያን መከር የብራንዱር ባዝራ፣ ራውድካ፣ ጠፍታበት፣
አባቴ ሦስት ሌሊት አብሮት ፈልጓል፣ በባትሪ፣ በፉጨት።
«ገደል ገብታ ይሆናል» አለው በመጨረሻው ሌሊት፣
እጁን ትከሻው ላይ ጥሎለት።

እውነትና ንጋት እያደር ነው፤ እዚህ ግን ንጋት ይለግማል፤
እውነትም ሃምሳ ዓመት አድሮ፣ በመሮ ተጎርጉሮ ይመጣል።

ምን እንደምለው አላወቅኩም። ብሩሼን አስቀመጥኩ።
ጓንቴን አወለቅኩ፤ መልሼ አጠለቅኩ።

«ጭራዋን ስጪኝ» አለ።
ከሱረት ቆርቆሮው ውስጥ አንድ በአንድ ጨመረው፣
ክዳኑን ሁለት ጊዜ ገጥሞ፣ ደረት ኪሱ ሰወረው።
ከዚያም ወደ እኔ ሳይዞር፦
«አባትሽ በዚያ ክረምት ድርቆሽ ያመጣልኝ ነበር፣ በነጻ፤
አንድም ፈረስ ሳይኖረኝ።
ለየትኛው ነው ብዬ አልጠየቅኩትም።»

በረዶው ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቆየ።

ሥራው ቀጠለ። ሌላ ምን ይደረጋል?
ብረት ተራቁቶ ካደረ በነጋታው ቀይ ይለብሳል።
አሲዱን ቀባሁት፤ ዝገቱ ጠቆረ፣ እንደ ጥላሸት፤
በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፤ በቲነር ጠረግሁት።
አንቲራስቱን በስሱ፣ ሁለት እጅ፣ ነፋሁበት።
ጎድጓዳውን አልሞላሁትም፤ አላቃናሁትም ደግሞ፤
ግራጫው ቀለም ውስጡ ተኛ፣ እንደ ኩሬ ውሃ ረግቶ።

ልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ፓራፋንጎው ተንጠልጥሎ፣
ድሪፋ ከቤት መጣች፣ ዳቦ በእጇ፣ «ቲነር ቲነር ይላል» ብላ፤
የቀለም ናሙናውን ካርድ ፊታችን ዘርግታ፣
«የቱን እንቀባት?» አለች።

እኔ ወደ ብራንዱር አየሁ።

«ነጭ ብቻ አይሁን» አለ፣
መብራቱን ወደ ሌላው እጁ አዛውሮ።